ስለ ሪሞትና ስለ ቃል ትምህርት

በምኖርባት በሰበታ የመዝሙር ግጥም በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ሲበራ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድማ ቅዳሴው ራሱ በግእዝ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ተጽፎ የሚታይባቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በዚያ የተወለደ ልጅ ተሰጥኦውን የሚመልሰው በዚሁ ረድኤት ነውና የሚነቀፍ አይደለም። እኔ ግን ልጽፍ ያሰብኩት በመዳፍ ስለምትያዘው ስለ ትንሿ ሪሞት ነው።

አሠራርዋ ቀላል ነው። ከላፕቶፑ ጎን ጥፍር የምታህል መቀበያ ትሰካለች፤ ሪሞቷ በራዲዮ ሞገድ መልእክት ስትልክ፣ ላፕቶፑ የራሱ ቁልፍ የተነካ መስሎት ገጹን ይገልጣል። እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ወደ መሣሪያው ማነጣጠር አያስፈልግም፤ ከከበሮ መቺው ጀርባ ተቁሞም ትታዘዛለች። ሪሞት ሳይገዛ በፊት መሪው በእጁ እየጠቆመ «ቀጥል!» ሲል፣ ላፕቶፑ ዘንድ የተቀመጠው ልጅም ሲዘገይ፣ ሕዝቡ ሁለተኛውን ቤት ጀምሮ ግድግዳው ገና በአንደኛው ላይ ነበር።

አስቸጋሪው አዝማቹ ነው። ሪሞት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ስትሄድ መዝሙር ግን ከየቤቱ በኋላ ወደ አዝማቹ ይመለሳል። ስለዚህ አዝማቹን ከየቤቱ ቀጥሎ ደጋግሞ መጻፍ ግድ ነው፤ በአዝማች የሚጀምር ባለ 4 ቤት መዝሙር 9 ገጽ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አሰናድተን ደስ ባለን ሰሞን፣ በልጅነቴ ያስተማሩኝ የኔታ አዳራሹን ሊያዩ መጡ። እስከ ፍጻሜው በዝምታ ካዳመጡ በኋላ፣ «መልካም ነው ልጄ፤ መብራቱ የጠፋ ዕለትስ ምን ይዘምራሉ?» አሉኝ። እርሳቸው ውዳሴ ማርያምንና መልክዐ ኢየሱስን ያስጠኑን ሌሊት፣ ያለ መብራት፣ ቃል በቃል እያስቀጸሉ ነበርና ጥያቄው ከልቤ አልወጣም።

በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ መብራቱ በሦስተኛው ቤት መካከል ጠፋ። ወጣቶቹ ዝም አሉ። ፊደል ስላልቆጠሩ ግድግዳውን ተመልክተው የማያውቁ ሦስት እናቶች ግን መዝሙሩን እስከ መጨረሻው አደረሱት።

በሪሞቷ ላይ ስክሪኑን የምታጨልም አንዲት ቁልፍ አለች። ብዙ ሰው ለምን እንደተሠራች አያስተውልም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠች እርስዋ ሆነች። አዲስ መዝሙር ሲጠና በመጀመሪያው እሑድ ሙሉው ይበራል፤ በሁለተኛው አዝማቹ ብቻ ይታይና ቤቶቹ ይጨልማሉ፤ በሦስተኛው ከመነሻው ጨለማ ነው። ማጉረምረም አልጠፋም፤ ግጥሙን በመዳፋቸው ላይ የጻፉም ነበሩ። ይሁንና እስከ ፍልሰታ ሰባት መዝሙር በቃላቸው ያዙ። ለአዲስ መጭዎችና የግእዙን ትርጓሜ ለሚሹ ግን ብርሃኑ አሁንም ያስፈልጋልና ፕሮጀክተሩን አላስወጣሁም።

የቀረው ጉዳይ ሪሞቷን የሚይዘው ማን ይሁን የሚለው ነበር። መዝሙሩን በቃሉ የማያውቅ ሰው ገጹን በሰዓቱ ሊገልጥ አይችልም፤ ዓይኑ ከግድግዳው ላይ ይቀራልና። ስለዚህ ለአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ሰጠኋት። ከታላላቆቹ አንዱ «መምህር፣ እኛ እያለን ለሕፃን?» ቢለኝ፣ አራተኛውን ቤት በቃሉ እንዲያሰማኝ ጠየቅሁት።