“ጊዜው ሲደርስ” እስከ መቼ ነው?

“እግዜር ጊዜ አለው” የምትለዋን አባባል እኛ ሰቆጣዎች ከጡት ጋር ነው የጠባናት። ዝናብ ሲዘገይ፣ እጮኛ ሲጠፋ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲበላሽ... መልሱ እሷው ናት። እኔ ራሴ ውጤት ያልመጣልኝ ጊዜ ይህን ያልነገረኝ ጎረቤት አልነበረም። ደግሞ ውሸት አይደለም፤ አለው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እስኪደርስ ድረስ እኛ ምን እያደረግን ነው?

ነገሩን ያነሳሁት በአንዲት ጓደኛዬ ምክንያት ነው። ዕድሜዋ 27 ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ሽማግሌ ልኮ፣ ቃል አስሮ፣ ወደ ሳዑዲ የሄደ እጮኛ አላት። (“አላት” ማለት ከተቻለ!) መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ከዚያ በየወሩ፤ አሁን ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁ የለም። በመሃል ደህና ሰው ጠይቋት “ቃል አለብኝ” ብላ መልሳዋለች። ሰዉ ሁሉ “ጸልዪ፣ ጊዜውን ጠብቂ” ይላታል። ባለፈው ቡና እየጠጣን “ብጠይቅ እምነት ማጣት አይሆንብኝም?” አለችኝ። እንባዋ መጣ።

እስቲ ፍልሰታን እናስብ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እመቤታችን ያረፈችው ጥር 21 ነው፤ ሐዋርያት ሥጋዋን ተቀብለው የቀበሩት ግን ነሐሴ 14 ነው። ከስድስት ወር በላይ! እና እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ሁለት ሳምንት ሱባኤ ያዙ። በ16 ስታርግ ደግሞ ያያት ማን ነው? ቶማስ! በቀብሩ ላይ ያልተገኘው፣ ከህንድ በደመና ሲመጣ የዘገየው። (የዘገየን ሰዎችም ቅዱስ አለን ማለት ነው።) ሌሎቹስ? “ለእሱ ብቻ የተጻፈ ነው” ብለው አልተዉትም፤ በዓመቱ ከነሐሴ 1 ጀምረው እንደገና ጾሙ። ያ ጾም ሲፈታ ነው የኛ የዋጎች ሻደይ የሚጀምረው። ልብ በሉ፣ ሱባኤ መግቢያም መውጫም ያለው ነገር ነው።

የዋግ ገበሬስ ቢሆን? ዝናቡ የእግዜር ነው፤ እርሻው ግን የሱ ነው። ሰማዩ እስኪጠቁር ሞፈሩን ሰቅሎ የሚጠብቅ የለም። አያቴ በ77ቱ ድርቅ ሰማዩን አይታ አይታ ሲያቅታት እናቴን ይዛ በእግሯ ኮረም ሄደች፤ እርዳታ አለ ሲባል ሰምታ። ማዕተቧ አንገቷ ላይ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ እየጸለየች ነው የሄደችው። “ቤቴ ሆኜ የእግዜርን ጊዜ ልጠብቅ” ብትል ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

እና እህቴ፣ እግዚአብሔርን መጠበቅና ስልክ የማያነሳ ወንድ መጠበቅ አንድ አይደሉም። ቃል የገባልሽ እሱ ነው። የሰው ቃል ደግሞ ቀን ይቆረጥለታል። መንግሥት እንኳ በ2007 ዓ.ም. በከተማችን ስም የጠራውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት፣ እስከ 2022 ብሎ ቀን ቆርጦለታል። ይሳካል አይሳካም ሌላ ወሬ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ግን መጠየቅ ይቻላል። ልጁ ምናልባት ታሞ ወይም ታስሮ ይሆናል፤ በዚያ መንገድ ስንቱ ቀርቷል! ከሆነም ማወቅ አለባት።

“ሽማግሌ ሆነው የመጡትን ጥሪያቸው” አልኳት። “ቃሉ ሲታሰር የመሰከሩት እነሱ ናቸው፤ ቤተሰቡን ጠይቀው ቁርጡን ያምጡልሽ። ጸሎትሽን ማን አቋርጪ አለሽ?”

ሦስት ቀን አሰበችበትና ጠራቻቸው። አቀርቅረው ሰሟት፤ “እስከ ፍልሰታ ፍቺ ድረስ ቁርጡን እናመጣለን” አሏት። እሷም ጾሙን ልትይዝ ነው። ሰሞኑን ለሻደይ ቀሚስ ልታሰፋ አብረን ልብስ ሰፊ ጋ ሄደን ነበር። “በዚህ ዕድሜዬ!” እያለች ትስቃለች፤ ጥለቱ አረንጓዴ ካልሆነ ብላ ግን ከሰውዬው ጋር ግማሽ ሰዓት ተከራከረች።