ሦስት ካርድ የምታህል ክፍተት

ባለፈው ሳምንት አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቤዝ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አንበሳሜ እቤቴ ድረስ መጣ። ጊታሩ ያገለገለ ነው፤ ባሕር ዳር የሚሠራ አጎቱ ነው ገዝቶ የላከለት። ሰላምታችንን ሳንጨርስ የግራ እጁን ዘረጋልኝ። የጣቶቹ ጫፍ ቀልቷል፤ የቀለበት ጣቱማ ቆዳው ተልጧል። “ጋሼ፣ ጣት ለመደንደን ስንት ወር ይፈጃል?” አለኝ።

አልመለስኩለትም። ጊታሩን ቃኝቼ ጭኔ ላይ አጋደምኩትና የባንክ ካርዴን አወጣሁ። አንገቱ ላይ ከተደረደሩት አግዳሚ ብረቶች፣ ፍሬት ከሚባሉት፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ፣ ከወፍራሙ ክር ሥር አስገባሁት። ዘው ብሎ ገባ። የባለቤቴን ካርድ ደረብኩበት፤ ገባ። የእህቴን ጨመርኩ፤ ገባ። ሦስቱ ካርዶች ተደራርበው እንኳ ከላያቸው የዚያኑ ያህል ባዶ ቦታ ይታያል። አንድ የባንክ ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስቱ ሲደረደሩ 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ለአብዛኛው ሰው እጅ የወፍራሙ ክር ከፍታ እዚያው ፍሬት ላይ በዚህ ልክ አካባቢ ይበቃዋል። ይህ ልጅ የእሱን እጥፍ ሲጫን ነው የከረመው። ለዚያውም ወራት ሙሉ “ጣትህ ገና ነው፣ ታገሥ” እየተባለ።

ይህን የምጽፈው ያቺ “ታገሥ” የምትባለው ቃል እኔንም ዋጋ ስላስከፈለችኝ ነው።

ቤዝ የጀመርኩት ባሕር ዳር፣ በተውሶ ጊታር ነው። ክሩ ከእንጨቱ በጣም የራቀ ነበር። ያስለመደኝ ሰው “ቤዝ የወንድ መሣሪያ ነው፤ ሳያምህ አትማረውም” ይለኝ ነበር፤ አመንኩት። ሦስት ዓመት በዚያ አኳኋን ተጫወትኩ። ከዚያ አንድ ጥር ወረታ ላይ ሰርግ ይዘን፣ አምስተኛው ሰዓት ላይ ይመስለኛል፣ የግራ አውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ ድንጋይ ሆነብኝ። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ሙሽሮቹ መሀል ላይ ናቸው፣ እስክስታው ደርቷል፣ ከበሮው አያቆምም። እስከ መጨረሻው ድረስ ባዶ ክር ብቻ እየመታሁ አመሸሁ። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ያዳነኝ ሰው እዚያው ሰርግ ላይ ከእኛ በፊት ማሲንቆ ሲጫወት የነበረ አዛውንት ነው። ሁላችንም “አያ” እያልን ነበር የምንጠራው። ዕቃ ስንሰበስብ ቤዙን ተቀብሎኝ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና በአንድ ጣቱ ክሩን ጫን አድርጎ ለቀቀው። “ክሩና እንጨቱ ተኳርፈዋል” አለኝ፤ “አንተ በመሀል ገብተህ ትደበደባለህ። መጀመሪያ አስታርቃቸው እንጂ ልጄ።”

ከዚያ የራሱን አሳየኝ። ማሲንቆን አስተውሎ ያየ ያውቃል፤ የፈረስ ጭራው ከአንገቷ በጣም የራቀ ነው። ጣት ጭራውን ነካ አድርጎ አየር ላይ ያቆመዋል፤ እንጨት ላይ አያደርሰውም። ስለዚህ ለባለ ማሲንቆ ጥያቄው ጭራው ለእጁ ይመቸዋል ወይ የሚል ነው። አያ ቆዳው ላይ የቆመችውን፣ ጭራውን የምትደግፈውን ብርኩማ በጥፍሩ ወደዚህ ትንሽ፣ ወደዚያ ትንሽ እያለ አንቀሳቀሳት፤ በደጋኑ አንዴ ሳብ አደረገ፣ አዳመጠ፣ እንደገና ነካ አደረጋት። “ይህቺን ሳላሳርፍ ደጋን አላነሳም” አለኝ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የቤዜን ብርኩማ፣ የብሪጁን፣ ብሎን ነክቼው አላውቅም ነበር።

ወደ ልጁ ጊታር ልመለስ።

ክሩ ከፍ ብሏል ብሎ ወዲያው ብሪጅ ላይ መውረድ ስህተት ነው፤ መጀመሪያ አንገቱን ማየት ያስፈልጋል። ክሩ እንደተቃኘ የመጀመሪያውን ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ የሚገጥምበትን ፍሬት አንድ ላይ ተጫንኩና ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ አጎንብሼ አየሁ። የተወጠረ ክር ማስመሪያ ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ የሚታየው ክፍተት የአንገቱ ጉብጠት ነው። አንድ ተራ የስም ካርድ የምታልፍበት ያህል፣ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጤና ነው፤ ክሩ ሲርገበገብ መጫወቻ ቦታ ይፈልጋልና። በልጁ ጊታር ግን ወፍራሟ የባንክ ካርድ ያለ ችግር አለፈች። አንገቱ ወደፊት ጎብጧል።

በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ አለ፤ ትረስ ሮድ ይሉታል። አራቱ ክሮች አንገቱን ወደፊት ይስቡታል፣ ዘንጉ ወደኋላ ይመልሰዋል። ሲጠብቅ አንገቱ ይቃናል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አላዞርም። ሩብ ዙር አጥብቄ፣ እንደገና ቃኝቼ፣ ቡና እስኪፈላና አቦሉን እስክንጠጣ ድረስ ግድግዳ ላይ አስደግፈነው ቆየን። እንጨት አይቸኮልበትም። ስንመለስ ተቃንቶ ነበር፤ የክሩም ከፍታ በዚያው ትንሽ ወርዷል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ዘንጉን የክር ማውረጃ አድርጎት እያጠበቀ አንገቱን ያበላሸዋል። የዘንጉ ሥራ አንገትን ማቃናት ብቻ ነው፤ ክር የሚወርደው ብሪጁ ላይ ነው።

ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባት ብረት ግራና ቀኝ ትንንሽ ብሎኖች አሏት። ስድስት ጎን ያላትን ቁልፍ ለልጁ ሰጠሁትና ራሱ እንዲያዞር አደረግሁ። ወፍራሙን የኢ ክር ግማሽ ዙር ዝቅ አደረገው፤ እንደገና ቃኘ፤ ከመጀመሪያው ፍሬት እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ መታ። ጥሩ ነው። ደግሞ ግማሽ ዙር፤ እንዲህ እያለ ደጋግሞ አወረደው። በመጨረሻ አምስተኛው ፍሬት ላይ ዝዝ አለ። ሩብ ዙር መለሰው፤ ዝዝታው ጠፋ። ሦስቱ ካርዶች ሲገቡ ክሩ ከላይ ለስለስ አድርጎ ነካቸው። ሌሎቹን የኤ፣ የዲና የጂ ክሮች በየተራ ትንሽ ትንሽ ዝቅ እያደረገ ሄደ፤ ቀጭን ክር ሲመታ የሚወዛወዝበት ስፋት ያንሳልና ለእንጨቱ መቅረብ ይችላል። የጊታር አምራቹ ፌንደር ለብዙዎቹ ቤዞቹ መነሻ የሚያደርገው ልክ 17ኛው ፍሬት ላይ ለወፍራሙ ክር 2.4፣ ለቀጭኑ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መነሻ ነው ያልኩት፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እጅ ነው።

ስለ ዝዝታ ካነሳን፣ በገናን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አሥሩ የበገና አውታሮች ብርኩማው ላይ ሲያርፉ በየሥራቸው እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ደርዳሪው እንዚራዋን እየሳበና እየገፋ አውታሩ በጭንቅ የሚነካትን ቦታ ይፈልጋል፤ ያ የሚያንዘረዝረው፣ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ድምፅ የሚመጣው ከዚያች ጠባብ ቦታ ነው። እኛ ከቤዝ ላይ የምናባርረውን አባቶቻችን ለጸሎት አጥብቀው ፈለጉት። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ በአውታርና በሥሩ ባለው ነገር መካከል ያለውን የፀጉር ያህል ርቀት በጆሮ መለካት በእኛ አገር አዲስ ዕውቀት አይደለም።

ታዲያ ዝቅ ያለ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። የአሜሪካው ሞታውን ባለ ቤዝ ጄምስ ጀመርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 በተሠራው ፕሪሲዥን ቤዙ ላይ ክሩ እጅግ ከፍ ያለ ነበር፤ ሌላ ሰው ሊጫወትበት ይቸገር ነበር፤ እሱ ግን በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ እየመታ ዓለምን አስደነሰ። ሌላው ስመ ጥር ባለ ቤዝ ጃኮ ፓስቶሪየስ በተቃራኒው ፍሬቱ በወለቀለት ቤዝ ላይ ክሩን ለእንጨቱ አስጠግቶ አዘፈነው። የሁለቱም ልክ ለእጃቸውና ለሙዚቃቸው የመጣ ነው።

የእኛስ ሙዚቃ? በኢቤክስና በኋላም በሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ የተጫወተውን ቤዝ አዳምጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማህሙድ አህመድ ጋር የተሠራው “ኧረ መላ መላ” ይበቃል። ቤዙ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይሰለችም። ሰርግ ላይ ያን መሰል ዙር ሰዓታት ትይዘዋለህ። ችክችካው ሲግል ደግሞ ቀኝ እጅ ሳታውቀው ይከብዳል፤ እቤት ቀስ ብለህ ስትመታ ንጹሕ የነበረው ክር ድንኳን ውስጥ ይንጫጫል። ስለዚህ ለሰርግ የሚወጣ ቤዝ ላይ ክርን በጣም ማውረድ አልመክርም። የኔ ኢ ክር 2.5 ሚሊ ሜትር ላይ ነው ያለው፤ ይህንንም ያገኘሁት በድንኳን ነው። ልኩን ስትፈልጉ እንደምትጫወቱት አድርጋችሁ ምቱ።

አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚቀር ነገርም የለም። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ፎገራ ሜዳ ላይ ሲተኙ፣ ሩዙ ውኃ ውስጥ ሲቆም፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። በነሐሴ አልዘጋ ብሎ የሚያስቸግር የእንጨት በር በጥር ይላላል፤ የጊታር አንገትም እንጨት ነው። እኔ በዓመት ሁለቴ፣ መስከረም ሲጠባና ከጥምቀት በፊት፣ ሰርጉ ሳይጀመር አየዋለሁ።

ልጁ ሲመሽ ጊታሩን አንስቶ በባቲ ቅኝት የሚያውቃትን አጭር ዙር ጀመረ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ ሄደ፤ ጣቱን ጎንበስ ብሎም አላየው። ከዚያ ቆም አለና “ጋሼ፣ ይኼው ነበር?” አለኝ። ይኼው ነበር።

በወረታ፣ በሐሙሲት፣ በአንበሳሜ፣ የትም ሆናችሁ ልጅ የምታስለምዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጁ “ጣቴን አመመኝ” ሲላችሁ “ታገሥ” ከማለታችሁ በፊት እባካችሁ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ሥር ካርድ አስገቡ። ቁልፉ የሌላችሁ ጊታሩን ይዛችሁ ኑ፤ እኔ ጋ አለ።