ዝናቡን እንጻፈው

ስለ ዘንድሮው ዘር ከማውራታችን በፊት አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ።

አምና ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሦስት ቀን ተከታትሎ ዘነበ። እኔም ለአንዲት እናት "ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል፣ በቆሎውን ይዝሩ" አልኳቸው። ዘሩ በቀለ። ከዚያ ዝናቡ ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፋና ቡቃያው ደረቀ። ዘር ተበድረው ደግመው ዘሩ። አልተቆጡኝም። "ልጄ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል?" ብቻ አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በኋላ ለዕቃ ግዢ መርካቶ ሄጄ አንዋር መስጊድ ሰፈር ዝናብ ያዘኝና አንድ በርበሬ ነጋዴ ሱቅ ተጠለልኩ። ሽማግሌው ሻይ አዘዙልኝ። እኔም "ሐጂ፣ ድሮ የሚያዝያ ዝናብ መጥቶ ይጠፋ ነበር እንዴ?" አልኳቸው። "በእኛ ጊዜ? በፍጹም!" አሉ። ከዚያ ከመደርደሪያ ሥር የቆዩ የሂሳብ ደብተሮች አወጡ። ከዋጋው ጎን ምክንያቱን ይጽፉ ኖሯል። "ዝናብ ዘገየ"፣ "መጥቶ ቆመ" የሚል። ስናገላብጥ "መጥቶ ቆመ" የሚለውን ሁለት ዓመት ላይ አገኘነው። ሐጂ ሳቁ። "እኔ ረስቻለሁ፣ ደብተሩ ግን አልረሳም።"

የድሮውን የአየር ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። አንደኛው መንገድ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ግብፆች ካይሮ፣ ሮዳ ደሴት ላይ የአባይን ሙላት ከ1,000 ዓመት በላይ ሲለኩ ኖረዋል። የዚያ ሙላት አብዛኛው የእኛ የክረምት ዝናብ ነው። በ1880 ዓ.ም. ክረምት ሙላቱ በጣም ዝቅ አለ። እዚህ ደግሞ አያቶቻችን "ክፉ ቀን" የሚሉት ዘመን ነበር። ዝናብ ጎደለ፣ የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰ፣ አንበጣ ወረደ። ካይሮ የተጻፈው ልኬት እዚህ በአፍ ለቆየው ታሪክ ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ተፈጥሮ ራሷ የያዘችው ነው። በሰሜኑ ደጋ ክረምት አንድ ጊዜ ስለሚመጣ ጽድ በየዓመቱ ግንዱ ላይ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ዝናብ ሲጠግብ ቀለበቱ ይሰፋል፣ ሲጠማ ይቀጥናል። ቀለበቱን ጥላም ተባይም ሊያቀጥነው ስለሚችል ግን አንድ ዛፍ ብቻውን አይታመንም፤ ብዙ ዛፍ ይነጻጸራል። የጣና ሐይቅ ሥር ያለው ደለልም ተቆፍሮ ታይቷል። ሐይቁ ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ደርቆ እንደነበር የታወቀው ከዚያ ጭቃ ነው።

የእርስዎን ማሳ ዝናብ ግን ካይሮም ጣናም አልጻፈውም። እርስዎ ይጻፉት፦

• ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ፣ አንድ ሜትር በሚሆን እንጨት ላይ ይሰሩ።
• ሁልጊዜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ላይ ውሃውን በማስመሪያ ይለኩ፣ ይጻፉ፣ ይድፉት።
• ካልዘነበ "0" ይጻፉ። ዜሮም መረጃ ነው።
• ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። በስልክ ቢይዙትም ደብተር ላይ ይገልብጡት።

1 ሚሊሜትር ማለት በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ነው፤ በትልቁ በርሜል 50 በርሜል ውሃ! እኔ አምና "ሦስት ቀን ዘነበ" አልኩ እንጂ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አልለካሁም። ስህተቴ እሱ ነበር።

ደብተሩ ነገ ይዘንባል አይልም። ግን ከዓመታት በኋላ ከ10 ሚያዝያ ስንቱ እንደከዳን ይነግረናል። ያኔ ሁሉንም ዘር በመጀመሪያው ዝናብ ከመበተን ከፊሉን ማቆየት ይሻል እንደሆነ በግምት አንከራከርም።

ለእኚያ እናት ጣሳና ደብተር ወስጄላቸዋለሁ። መጻፍ ጀምረዋል። እናንተም ጀምሩና የመጀመሪያውን ገጽ በፎቶ ላኩልኝ። መልካም የእርሻ ወቅት!