የአፈሙዝ ፍሬንና የአጎቴ ጆሮ

መቼም ፊዚክስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተደረደረ ፎርሙላና የፈተና ጭንቀት ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ጠመንጃ ላወራችሁ ነው። አትደንግጡ፣ ጦርነት ልሰብክ አይደለም። ነገርዬው የሞመንተም ጉዳይ ሲሆን ከኒውተን ሦስተኛ ሕግ አንድ እርምጃ አይወጣም።

ያደግሁት በወላይታ ዞን ኦፋ ወረዳ ገሱባ ነው። በእኛ ሠፈር ጦር ሠራዊት ቆይተው የተመለሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከነሱ አንዱ አጎቴ ሲሆን ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መድፈኛ ነበር። ትከሻው ደህና ነው፣ እግሩም ደህና ነው። ጆሮው ግን የለም ማለት ይቻላል። እንዴት ሆኖ ይሄ እንደሆነ የገባኝ መካኒክስ የተባለውን ኮርስ ስወስድ ነው።

መጀመሪያ ከትንሹ መሣሪያ እንነሳ። ክላሽ ሲተኮስ ወደ 8 ግራም የሚጠጋ አረር በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወጣል። ስናባዛው 5.6 ኪሎግራም ሜትር በሰከንድ ገደማ ሞመንተም ይሰጠናል። ይህ ወደፊት ከሄደ እኩያው ወደኋላ መምጣት አለበት፣ ሕጉ ዘመድ አያውቅም። ብዙ ተማሪ ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ የተረሳ ነገር ግን አለ። ከአረሩ ኋላ የተቃጠለው የባሩድ ጋዝም ይወጣል። ባሩዱ 1.6 ግራም ብቻ ቢሆንም ጋዙ ከአፈሙዙ ሲፈነዳ ከአረሩ ይበልጥ ይፈጥናል። በሰከንድ 1200 ሜትር ብለን ብንገምት ሌላ 1.9 ይጨመራል። ድምሩ 7.5 ሲሆን 4 ኪሎ የሚጠጋውን ጥይት የጎረሰ ክላሽ በሰከንድ 1.9 ሜትር ያህል ወደ ትከሻችን ይገፋዋል። አሮጌው ውጅግራ ደግሞ 25 ግራም እርሳስ በሰከንድ 450 ሜትር አካባቢ ስለሚወረውር የአረሩ ሞመንተም ብቻ ከክላሹ እጥፍ ይሆናል። ያባቶቻችን ትከሻ ምን ያህል ይችል እንደነበር ከዚህ መገመት ነው።

የአፈሙዝ ፍሬን የምንለው እንግዲህ እዚህ ጋ ይገባል። አረሩ አንዴ ከሄደ ሄዷል፣ የሱን ድርሻ ማንም አያስመልሰውም። ፍሬኑ ሥራ የሚያገኘው ከጋዙ ላይ ነው፤ በክላሽ ስሌታችን ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ መሆኑ ነው። በአፈሙዙ ጫፍ ላይ በጎን ቀዳዳ ያለው ብረት ይታሰራል፣ ጋዙም በቀጥታ ወደፊት በመውጣት ፈንታ ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ወደ ጎን ይታጠፋል። ግድግዳውን ወደፊት ሲገፋው ጠመንጃውም አብሮ ወደፊት ይጎተታል። ጋዙ ወደ ጎንና ወደኋላ በታጠፈ ቁጥር ቅናሹ ያድጋል። መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ እንደማለት ነው፣ ልዩነቱ ጎማ ሳይሆን ጭስ መያዙ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ እሱም ቁጥጥር ነው። የብዙ ጠመንጃዎች ሰደፍ ትከሻን የሚነካው ከአፈሙዙ መስመር ዝቅ ብሎ ስለሆነ ግፊቱ ጠመንጃውን ያሽከረክረዋል፣ አፈሙዙም ወደ ላይ ይነሳል። ደጋግሞ ሲተኮስ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥይት ዛፍ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው። ኤኬኤም የሚባለው የክላሽ ዓይነት አፈሙዙ ላይ እንደ ሸምበቆ ብዕር በሰያፍ የተቆረጠ ትንሽ ብረት አለው። የላይኛው ጎኑ ክፍት በመሆኑ ጋዙ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይወጣና አፈሙዙን ወደ ታችና ወደ ግራ ይገፋል። ጣት የምታክል ብረት የቶርክን ችግር በቶርክ ፈታች ማለት ነው! በኋላ በ1974 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤኬ-74 ደግሞ ትልቅ ፍሬን ያለው ሲሆን ምቱም በጣም ለስላሳ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ መድፍ እንሂድ። ዲ-30 ይባላል፣ 122 ሚሊሜትር ነው። 21.8 ኪሎ የሚመዝን ጥይት በሰከንድ እስከ 690 ሜትር ይወረውራል፤ ሞመንተሙ 15 ሺህ ነው። መድፉ 3.2 ቶን ስለሚመዝን የሚይዘው ባይኖር ጋዙን ሳንቆጥር በሰከንድ 4.7 ሜትር ወደኋላ ይሸሽ ነበር። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጊዜ የነበሩት የሜዳ መድፎች በአብዛኛው እንዲህ ይሸሹ ስለነበር ተኳሾቹ በየጊዜው ገፍተው እየመለሱ እንደገና ያነጣጥሩ ነበር። ምቱን በዘይትና በታመቀ አየር የሚውጠው የፈረንሳዩ 75 ሚሊሜትር መድፍ የመጣው ከዓድዋ በኋላ በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ዲ-30 ይህም አለው፣ አፈሙዙም ላይ ባለ ብዙ ክፍል ፍሬን አለው። የሚገርመው መኪና የሚጎትተው እዚያው አፈሙዙ አጠገብ ባለው ቀለበት ነው፣ እንደ በሬ በአፍንጫው።

ባለፈው ክረምት ስሌቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ለአጎቴ አሳየሁት፣ ምክንያቱም መናገር ከሱ ጋር አድካሚ ነው። ረጅም ጊዜ አየውና «ታዲያ ያ ጭስ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለኝ በታላቅ ድምፅ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ። ከዚያ መልሴን ሳይጠብቅ ጆሮውን ጠቆመና «እዚህ!» አለ።

እውነቱን ነው። ጋዙን ወደ ጎንና ወደኋላ ስናጥፈው የፍንዳታውን ማዕበልም አብረን እናጥፈዋለን፤ ከመድፉ ኋላና ጎን የቆሙት ደግሞ የራሱ ተኳሾች ናቸው። ከ140 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድንገተኛ ድምፅ ጆሮን በአንድ ጊዜ ሊጎዳ እንደሚችል ይነገራል፣ የአንዲት ጠመንጃ ተኩስ እንኳ ከዚህ ያልፋል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች ደግሞ አንዴ ከሞቱ በሰው ልጅ ላይ መልሰው አይበቅሉም። መሣሪያው ተኳሹን ከአንዱ ሕመም አድኖ ለሌላው ሰጠው። ትከሻ የሚያመው ዛሬ ስለሆነ ሁሉም ያውቀዋል፣ ጆሮ ግን ሳያሳምም ነው የሚሄደው። መፍትሔው የሚከብድ አይደለም፤ የጆሮ መድፈኛ ነው፣ ዋጋውም ከአንድ የመድፍ ጥይት ጋር አይወዳደርም።

ዛሬ አጎቴ ገሱባ ገበያ ውስጥ ሲሄድ ከኋላው የሚመጣ ሞተር ሳይክል ጥሩንባ አይሰማም። ልጁ ሁልጊዜ በኋላው በኩል ትሄዳለች፣ ሞተር ሲመጣ እጁን ትስባለች። ሰው ሲጠራው ዝም ስለሚል ኮራ የሚሉት አሉ። ኮርቶ እኮ አይደለም!

እኔ ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት ነገር አንድ ነው። ሞመንተም አይጠፋም ብለን በፈተና ላይ እንጽፋለን፣ ማርክም እናገኛለን። ስለዚህ አንድ ነገር «ቀነሰ» ሲባል ቀጥለን ወዴት ሄደ፣ ማንስ ተሸከመው ብለን መጠየቅ የኛ የፊዚክስ ተማሪዎች ሥራ ነው። መምህሮቻችንም ይህን ምሳሌ ክፍል ውስጥ ቢጠቀሙበት ደስ ይለኛል፣ የጋዙን ድርሻ ግን እንዳይረሱብን። እናንተም በየቤታችሁ እንደ አጎቴ ያለ ሰው ካለ ከኋላው አትጥሩት፤ በፊት ለፊቱ ዞራችሁ፣ ከንፈራችሁን እያሳያችሁ ቀስ ብላችሁ አናግሩት። ቸር እንሰንብት።