መጀመሪያ ሽሮ ሜዳ ውጡ

«የሶሻል ሚዲያ አማካሪ ሆኜ በግሌ ለመሥራት የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰኛል። መልሴ አንድ ነው፦ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ሽሮ ሜዳ ውጡ፤ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ውስጥም አንድ ቀን ዋሉ።

የገባ ሁሉ የሚጠይቀውን ስሙ። ዋጋው ስንት ነው? ጥለቱ የእጅ ነው የማሽን? በልክ ይሰፋል? ለሰርጉ ይደርሳል? ከዚያ የሰፈሩን ሱቆች ፔጅና የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት የሚያብረቀርቅ ፎቶ፣ የልብ ምልክትና «ለዋጋ በውስጥ ያናግሩን» የሚል ጽሑፍ ነው። ሱቅ ውስጥ በአንድ ትንፋሽ የሚመለሰው ጥያቄ ስልክ ላይ ሲደርስ ይንጠለጠላል። የእኛ እንጀራ ያለው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ቡስት ማድረግና ቪዲዮ መቁረጥማ ማንም ልጅ ቶሎ ይለምደዋል።

ሙያውን የሚያውቅ አማካሪ መነንና ፈትልን ይለያል። የእጅ ጥለት በሸማኔ እንደሚሠራ፣ ጊዜ እንደሚወስድም ያውቃል። ስለዚህ የጥምቀትን ወይም የፋሲካን ልብስ በዋዜማው አያስተዋውቅም፤ ሸማኔው ትእዛዝ መቀበል በሚችልበት ጊዜ ይጀምራል። የጥርና የሚያዝያ ሰርግም እንደዚያው ነው። የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች እንጦጦ ግርጌ ሰፍረው ያቆዩትን ሥራ በፋብሪካ ከታተመ ጨርቅ ለመለየትም ጥለቱን በቅርብ፣ ከነጀርባው፣ በቀን ብርሃን ያስቀርጻል። አሜሪካ ያለችው ገዢ ከሥራ ወጥታ ስልኳን የምትከፍተው እዚህ ሌሊት ሲሆን ነው፤ ዋጋውና የሚደርስበት ቀን ተጽፎ ካላገኘች ወደ ሌላ ሱቅ ታልፋለች። ትከሻና ወገብ እንዴት እንደሚለካ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ከአሥር የጭፈራ ቪዲዮ ይበልጥ ይሸጥላችኋል።

ሁለተኛው ትምህርት ከኢንተርኔት መዘጋት የመጣ ነው። በ2012 ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በ2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ የካቲት ላይ ታግደው እስከ ሐምሌ ቆዩ። ቪፒኤን ያለው እንደምንም ገባ፤ ሁሉም ገዢ ግን ቪፒኤን አልነበረውም። የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በደብተር የያዘ ነጋዴ ግን ደውሎ መሸጥ ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳማክር የመጀመሪያው ሥራዬ የስልክ መዝገብ ማስጀመር ነው። ተከታይ የመድረኩ ነው፤ ስልክ ቁጥር የነጋዴው ነው።

ፔጁም የነጋዴው ይሁን። በሱ ስልክና በሱ ኢሜይል ይከፈት፤ እናንተ በአስተዳዳሪነት ብቻ ግቡ። ከደንበኛ ጋር ሲጣሉ ፔጅ ይዘው የሚጠፉ ሰዎች የሁላችንንም ስም አጥፍተዋል፤ አንድ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ወሬ ከፖስት ይፈጥናል።

ስለ ገንዘብ። ግንቦት 2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ክፍያ መቀበል ቀሏል፤ ከባዱ ዋጋ መቁረጥ ነው። «በወር ይህን ያህል ተከታይ አመጣለሁ» ብላችሁ አትዋዋሉ፤ የተገዛ ተከታይ ቀሚስ አይገዛም። የምትሠሩትን ዘርዝራችሁ ጻፉ፣ ቀብድ ተቀበሉ፣ የማስታወቂያውን ወጪ ከድካማችሁ ዋጋ ለዩ። የፌስቡክ ማስታወቂያ በውጭ ምንዛሬ በሚሠራ ካርድ ስለሚከፈል ምንዛሬው ሲንቀሳቀስ ሒሳቡም ይንቀሳቀሳል፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የማስታወቂያውን ወጪና የድካሙን ዋጋ ቀላቅሎ የቆረጠ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ከፈለ። ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥርም አውጡ፤ ድርጅት ያለ ደረሰኝ አይከፍልም፤ ከትንሽ ሱቅ ወደ ድርጅት የምትሻገሩትም በዚያ ነው።

ሽሮ ሜዳ የጨርቅ ሰፈር ነው። የእናንተ ሰፈር የቡና፣ የቤት ዕቃ ወይም የመለዋወጫ ሊሆን ይችላል። አንዱን ያዙና እስከ ሥሩ እወቁት። የሚሸጠውን ዕቃ ሳታውቁ ስለ ሽያጩ አትምከሩ።