የልጅ መኝታ ክፍል ግድግዳ

ልጅ ማለዳ ዐይኑን ሲገልጥ በመጀመሪያ፥ ማታም ሲከድን በመጨረሻ የሚያየው በትይዩው ያለውን ግድግዳ ነው። ስለዚህ የልጁን ክፍል ለማስጌጥ የሚነሣ ወላጅ፥ ቀለም ከመግዛቱ አስቀድሞ ይህ ግድግዳ ለልጁ ምን እንደሚነግረውና ምን እንደሚያደርገው ሊያስብ ይገባዋል።

በእኛ ቤት ይህ አሳብ የመጣው እናቴ ካረፉ በኋላ ነው። የእርሳቸውን ክፍል ለሰባት ዓመት ልጃችን ሰጠናት፤ እርሷ ግን አያቷን እያሰበች ሌሊት እየተነሣች ወደ እኛ ትመጣ ነበር። ባለቤቴም፥ «ክፍሉ አሁንም የእማማ ነው፤ የልጅቱ እንዲሆን እርሷ ራሷ እጇን ታግባበት» አለችኝ። ምክሩ መልካም ስለ ሆነ ሦስቱን ግድግዳ ነጭ አድርገን፥ በአልጋዋ ትይዩ ያለውን አንዱን ብቻ በሥዕል ልናስጌጥ ተስማማን። አራቱም ቢዥጐረጐሩ ጠባቡ ክፍል ይበልጥ የጠበበ ይመስላል፤ ዐይንም ዕረፍት ያጣል።

ይሁን እንጂ አሮጌው የዘይት ቀለም እየተላጠ ነበርና አንድ ብርቱ ነገር አሳሰበኝ፤ ይኸውም በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ነው። እርሳስ ማለቴ ተማሪ የሚጽፍበትን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። ቀለሙ እንዲደምቅና ቶሎ እንዲደርቅ ይጨመርበት ነበር፤ በተለይም በደማቅ ቢጫና ቀይ ውስጥ ይበዛል። የተላጠው ቅርፊት ስለሚጣፍጥ ሕፃናት ይቀምሱታል፤ የሕፃን ሰውነትም የዋጠውን እርሳስ ከዐዋቂ ሰው አራትና አምስት እጥፍ ይቀበላል። አእምሮን ይጎዳል፥ ትምህርትንም ያደክማል፤ ጉዳት የማያደርስ መጠን እንደማይታወቅም የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ነገር ግን ቀድሞ የተቀባውን ግድግዳ ደንቡ አያጸዳውም።

ስለዚህ ቀቢው በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቀው ሲነሣ ከለከልሁት፤ አቧራው በትንፋሽ ይገባልና። ልጅቱን ወደ አክስቷ ልከን፥ ግድግዳውን በውሃ እያራስን ፋቅን፤ ቅርፊቱን በላስቲክ ከረጢት ሰበሰብን፤ ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመን ወለወልን። ከዚያም እርሳስ የሌለበት መሆኑ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈ የውሃ ቀለም ገዛሁ።

ምን እንሣል? ሲባል፥ እኔ መምህር ነኝና ፊደል ይሁን አልሁ። ልጅቱ ግን፥ «አባባ፥ ፊደሉ ትምህርት ቤት አለ፤ እኔ አያቴ የተከሉትን ኮክ እፈልጋለሁ» አለች። ግንዱንና ቅርንጫፉን እኔ ሣልሁ፤ ቅጠሉን እርሷ መዳፏን በአረንጓዴ ቀለም እየነከረች አተመችው። የእናቴ ቅዱስ ሥዕል ግን ጌጥ ስላልሆነ፥ በምሥራቅ በኩል በነጩ ግድግዳ ላይ በክብር ቦታው ቀረ።

ልጅቱ ሌሊት መነሣቷን ወዲያው አልተወችም። ነገር ግን «የአያቴ ክፍል» ትለው የነበረውን አሁን «የእኔና የአያቴ ክፍል» ትለዋለች።

ውድ አንባብያን፥ በኪራይ ቤት የምትኖሩም አትዘኑ። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን በግድግዳ ይለጥፉ ነበር፤ እናንተም በአቡጀዴ ላይ ሥላችሁ ብትሰቅሉት፥ ቤት ስትለውጡ የልጁን ዛፍ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።