ጎርጎራ ላይ የተከራየናት ቤትና የመለስኩት ዓሳ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሽርሽር ነው። መጨረሻው ግን የራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ «ባሕር ሳላይ ልሞት ነው» አለችኝ። ቢቸና ተወልዳ ሞጣ ያረጀች ናት። የምታውቀው ትልቅ ውኃ ዓባይ ነው፤ እሱንም ከገደል አፋፍ ቁልቁል አይታ ነው። አገራችን ዛሬ የባሕር በር የላትም። ጣና ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። የአገሬው ሰው ከተማውን «ባሕር ዳር» ያለው በከንቱ አይደለም።

ባሕር ዳር ግርግር ይበዛዋል ብዬ ጎርጎራን መረጥኩ። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ሱስንዮስ መቀመጫቸው አድርገዋት ነበር። ከሞጣ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዘዞ፣ ከአዘዞ በቆላ ድባ አድርገን ገባን። በሰው በሰው ያገኘናት ቤት ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት አላት። ሦስት ሌሊት ተከራየናት።

ለምን ሆቴል አልያዝክም ትሉኝ ይሆናል። ሙስሊም መንገድ ሲወጣ የሚያስጨንቀውን ታውቃላችሁ፤ ሥጋው የማን እርድ ነው? ድስቱስ ምን ተሠርቶበት ነበር? እናቴ ደግሞ የደም ግፊት ስላለባት ጨው አትቀምስም። አምስት ሰው በቀን ሦስቴ ሆቴል ማብላት በእኔ አቅም አይሞከርም። ባለቤቴ ድስቷን፣ ሽሮዋን፣ በርበሬዋን፣ ድርቆሿንና ጀበናዋን ጭና መጣች። እናንተም እንዲህ ያለ ቤት ስትከራዩ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ምድጃው የከሰል ይሁን የኤሌክትሪክ ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ገብተን ጀሪካን ስንሸከም ሰነበትን።

ያም ሆኖ ደስታው ልዩ ነበር። እናቴ ሱብሒ ሰግዳ ደጃፉ ላይ ትቀመጥና ውኃውን እያየች ተስቢሕ ታደርጋለች። «ማዶ የለውም እንዴ?» ትላለች።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አንድ ሽማግሌ በደንገል ታንኳ መጥተው ደጃችን ቆሙ። ሦስት ቆሮሶ በሣር አንጠልጥለዋል። «እንግዶች መጥተዋል ሲሉ ሰማሁ፤ ለልጆቹ ይሁን» አሉ። አመሰገንኩና የየት ሰው እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። «ወይጦ ነኝ፤ እዚሁ ጣና ነው ያደግሁት» አሉኝ።

ወላሂ ልቤ ያን ጊዜ ዝግት አለ። ልጅ ሆኜ የሰማሁት ወሬ ተነሳብኝ። የነገደ ወይጦ ሰዎች ሙስሊሞች ናቸው። ግን አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ነበር እየተባለ ሌላው ሙስሊም ሳይቀር ማዕዳቸውን ሲሸሽ ኖሯል። ቂራት ላይ የተማርኩት ሁሉ ጠፍቶኝ የሰፈር ወሬው ብቻ ቀረ። «አባባ፣ አሁን በልተን ተነሳን፤ አላህ ይስጥልን» አልኳቸው። ምድጃው ግን ገና አልተቀጣጠለም ነበር። እሳቸውም ወደ ማድ ቤቱ አየት አደረጉና «በሉ ደህና ዋሉ» ብለው ሄዱ።

እናቴ ሁሉንም ሰምታለች። «አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «ድስትህን ከሐራም ጠበቅህ፤ ምላስህንስ?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ጉማሬ ሥጋ ዑለሞች ይለያያሉ። ሰውየው ግን ይዘው የመጡት ዓሳ ነው። ዓሳ ደግሞ የማን እርድ ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ የውኃ አደን ሐላል መሆኑን ቁርኣን ነግሮናል። ይህን ለልጆች የማስተምረው እኔው ነኝ። ሐላል የሆነውን ስጦታ በወሬ መለስኩ፤ ለመመለስ ደግሞ ዋሸሁ። የራሳችን ማድ ቤት ያለው ቤት የያዝኩት ከሐራም ልርቅ ብዬ ነበር፤ ከወንድሜም የራቅሁበት ሆነ።

መግሪብ ላይ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሽማግሌው ዳር ላይ ቁጢጥ ብለው ውዱእ ያደርጋሉ። እኔም አጠገባቸው ውዱእ አደረግሁ፤ ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ሰገድን። ሲያበቁ «አባባ፣ ቀን የዋሸሁትን አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ለምጄዋለሁ ልጄ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ምሳ እኛ ጋ እንዲበሉ ለመንኳቸው። ከልጅ ልጃቸው ጋር አምባዛ ይዘው መጡ። ባለቤቴ ጠበሰችው፤ የእናቴንም ያለ ጨው ለብቻ ሠራችላት። ከአንድ ትሪ በላን። እናቴ ለሽማግሌው በእጇ አጎረሰቻቸው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ለሽርሽር ስትወጡ ምግባችሁን ራሳችሁ የምትሠሩበት ቤት ብትይዙ መልካም ነው፤ ለዲንም ለኪስም ይስማማል። በሩን ግን ለጎረቤት ክፍት አድርጉት። ከሰፈር ወሬ ጋር ያደግን ሁላችን የበላነውን ብቻ ሳይሆን የመለስነውንም እንጠየቅበታለን ብዬ እፈራለሁ።

አላህ አፉ ይበለን። ወሰላሙ ዓለይኩም።